መጀመሪያ ደሙን፣ ከዚያ ሚዛኑን

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 54 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቴ 88 ኪሎ። የወር አበባዬ ከተቋረጠ ሦስት ዓመት አልፎታል። ታላቅ እህቴ በ61 ዓመቷ የማህፀን ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ሆነች፤ አሁን ኬሞ ልትጀምር ነው። ሐኪሟ ‹ውፍረትሽም አስተዋፅኦ አለው› ሲላት ቤተሰቡ ሁሉ ግራ ገባው። እኛ የምናውቀው የካንሰር ሕመምተኛ ከስቶ ነው፤ ውፍረት እንዴት ካንሰር ያመጣል? ካንሰሩ ይራባል ብለን ስኳር፣ ሥጋና እንቁላል ከልክለን በጭማቂ ይዘናታል፤ እኔም አብሬያት ልራብ አስቤአለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት ሁለት ጊዜ ትንሽ ደም አይቼ ነበር፤ የጭንቀት ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞም ዓምና የማህፀን በር ምርመራ ተደርጎልኝ ነፃ ነሽ ተብያለሁ። ልጄ 26 ዓመቷ ነው፤ ወፈር ያለች ናት፤ የወር አበባዋም ይዘላል። እሷንስ ያሰጋታል?»

መልስ፦ እህታችን፣ ስለ ውፍረቱም ስለ ረሃቡም እንመጣበታለን። ከሁሉ የሚቀድመው ግን በአንድ መስመር ያለፉት ደም ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ይሁን ቡናማ ፈሳሽ፣ የተመለሰ የወር አበባ አይደለም፤ በጭንቀት ተሳቦም አይታለፍም። ምክንያቱ ተፈልጎ መገኘት አለበት። በዚህ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደሙ በዝቶ ሞዴስ በሰዓት የሚያስቀይር ከሆነ ወይም ካዞረዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ይህን ስንል ለማስደንገጥ አይደለም። ከማረጥ በኋላ ደም ካዩ 10 ሴቶች ዘጠኙ ካንሰር የለባቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ የማህፀን ሽፋን መሳሳት ወይም ፖሊፕ የሚባል ትንሽ ትርፍ ሥጋ ሆኖ ይገኛል። በሌላ ወገን ግን በማህፀን ካንሰር ከተያዙ ሴቶች 90 በመቶ ያህሉን ወደ ሐኪም የወሰዳቸው ይኸው ደም ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ ገና ከማህፀን ሳይወጣ በደም ስለሚጋለጥ፣ ቶሎ የመጣች ሴት በኦፕራሲዮን ብቻ የመዳን ዕድሏ ከፍተኛ ነው። የዘገየች ግን ይህን ዕድል ታጣዋለች።

ዓምና የተደረገልዎ ምርመራ ለዚህ መልስ አይሆንም። በፈሳሽ ተቀብቶ በዓይን የሚታየውም ሆነ የኤችፒቪ ምርመራ የሚመለከተው የማህፀኑን በር ነው፤ የእህትዎ በሽታ የጀመረው ግን ከውስጥ፣ ከማህፀኑ ሽፋን ነው። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ክትባት የምትሰጠው ለእሱ ነው። ስለዚህ «ነፃ ነሽ» የተባሉት ከበሩ በሽታ ነው፤ ስለ ውስጡ ማንም ምንም አልነገረዎትም።

ሐኪም ቤት የሚጠብቅዎትን እንንገርዎ። መጀመሪያ ደሙ ከየት እንደመጣ ይታያል፤ ከሽንት መንገድ ወይም ከኪንታሮት የመጣ ደምም ከማህፀን የመጣ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን በሚሊ ሜትር ይለካል። ሽፋኑ 4 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመኖሩ ዕድል በጣም ጥቂት ነው፤ ከዚያ ከበለጠ ናሙና ይወሰዳል። ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ስስ ነው፣ ምንም የለም» ተብለው ከሄዱ በኋላ ደሙ ሲመለስ እነሱ ተመልሰው አይመጡም። ደም ከተደጋገመ ልኬቱ ምንም ቢሆን ናሙና ይጠይቁ። እርስዎ ሁለት ጊዜ ስላዩ፣ ክብደትዎም ስላለ፣ ሐኪሙ በቀጥታ ናሙና ልውሰድ ቢል ተገቢ ነው። ጡት ካንሰር ታክመው ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን ወስደው ከነበረ ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ መድኃኒቱ ጡትን ሲጠብቅ የማህፀንን ሽፋን ግን ያሳድጋል።

ናሙናው በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ይሳባል። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያማል። ከአንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ማስታገሻ ስለሚረዳ የትኛው እንደሚስማማዎት ቀድመው ይጠይቁ፤ በተለይ የጨጓራ፣ የኩላሊት ወይም የግፊት ሕመም ካለብዎ። ናሙናውን ወደ ፓቶሎጂ፣ ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ የሚያደርሰው ቤተሰብ ከሆነ ሦስት ነገር ይዩ። ዕቃው ውስጥ ያለው ፎርማሊን እንጂ ውሃ ወይም ግሉኮስ መሆን የለበትም። ፈሳሹ ሥጋውን አጥለቅልቆ መሸፈን አለበት። ስምና ቀን የተለጠፈው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ጎን ላይ ይሁን፤ ክዳን ይቀያየራል። ውሃ ውስጥ ያደረ ናሙና ይበላሽና ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ይደገማል።

ውጤቱ ካንሰር ሳይሆን «ሃይፐርፕላዚያ» ተብሎ ሊመጣም ይችላል፤ ሽፋኑ ከልክ በላይ በዝቷል ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የሚፈልጉት አንድ ቃል አለ፤ «አቲፒያ»፣ የህዋሳቱ መልክ ከጤናማው ተለውጧል ማለት ነው። አቲፒያ የሌለው ከሆነ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከ100 ከ5 ያነሰ ነው። በፕሮጄስትሮን ክኒን ወይም ይህንኑ ሆርሞን በሚያመነጭ በማህፀን ውስጥ በሚቀመጥ ሉፕ ይታከማል፤ ከስድስት ወር በኋላም ናሙናው ይደገማል። አቲፒያ ካለው ግን በእርስዎ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ማህፀንን ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ እንምጣ። ስብ የተረፈ ምግብ የሚጠራቀምበት ጎተራ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያስጨንቀን ጉልበትና ልብ ብቻ በሆነ ነበር። ስብ ግን ሆርሞን ይሠራል፤ ደም ውስጥ መልእክት ይለቃል፤ በዚህ ሥራው ከሰውነታችን ትልልቅ ዕጢዎች ይመደባል። እርስዎ ያሉበት ዕድሜ ላይ ደግሞ ይህ ሥራው ይበልጥ ይጎላል።

የወር አበባ ሳይቋረጥ ኢስትሮጅንን በብዛት የሚሠራው እንቁላል ማምረቻው ነው። ሲያርጡ እሱ ሥራውን ያቆማል፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ግን አንድሮስቴንዲዮን የሚባል ጥሬ ሆርሞን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። ስብ ውስጥ አሮማቴዝ የሚባል ኤንዛይም አለ፤ ይህን ጥሬ ሆርሞን ወደ ኢስትሮጅን ይለውጠዋል። ስብ በበዛ ቁጥር አሮማቴዙም ይበዛል። ስለዚህ በ54 ዓመት ከ55 ኪሎ ሴት ይልቅ 88 ኪሎ የሆነችው ሴት ደም ውስጥ ኢስትሮጅን በርከት ብሎ ይገኛል፤ የወር አበባዋ ግን ስለቆመ ማንም አያስተውለውም።

ኢስትሮጅን በራሱ መርዝ አይደለም። ችግሩ ብቻውን መሆኑ ነው። በወጣትነት ኢስትሮጅን የማህፀኑን ሽፋን ያሳድጋል፤ እንቁላል ከወጣች በኋላ የሚመጣው ፕሮጄስትሮን ደግሞ እድገቱን «በቃ» ብሎ ያስቆማል፤ ሽፋኑም በወር አበባ ይረግፋል። ከማረጥ በኋላ እንቁላል ስለሌለ ፕሮጄስትሮን የለም። ሽፋኑ ዓመት ሙሉ «እደግ» እየተባለ የሚያስቆመው ያጣል። ህዋስ በተከፈለ ቁጥር ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም አንዳንዴ ይሳሳታል። ከስህተቶቹ አንዱ ፒቴን በሚባለው ጂን ላይ ያርፋል። ፒቴን የህዋስ እድገት ፍሬን ነው፤ በብዛት በሚታየው የማህፀን ካንሰር ዓይነት ከግማሽ በላይ በሆኑ ታማሚዎች የካንሰር ዕጢ ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል።

ሁለተኛው መንገድ ኢንሱሊን ነው። በተለይ ሆድ ውስጥ፣ በአንጀት ዙሪያ የሚቀመጠው ስብ፣ ቅባቱን በቀጥታ ወደ ጉበት በሚሄደው ደም ውስጥ ይለቃል። ጉበትና ጡንቻ ለኢንሱሊን ይሰንፋሉ፤ ቆሽት ደግሞ ያንኑ ስኳር ለማውረድ ኢንሱሊን ያበዛል። የስኳር ምርመራዎ ገና ደህና ሆኖ እያለ ኢንሱሊንዎ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ኢንሱሊን ደግሞ ሥራው ስኳር ማውረድ ብቻ አይደለም፤ ለህዋስ የእድገት ምልክት ነው። ፒቴን የተበላሸበት ህዋስ ይህን ምልክት ሲቀበል የሚይዘው የለም። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ሲበዛ ጉበት ኢስትሮጅንን አስሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ይቀንሳል፤ በነፃ የሚዘዋወረው ኢስትሮጅን በዚህም ይጨምራል። ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ውፍረት ከሌሎች ካንሰሮች ይልቅ በማህፀን ላይ እንዲህ የሚበረታውም ለዚህ ይመስለናል።

ሦስተኛው ዝግ ያለ ብግነት ነው። ከልክ በላይ ያበጠ የስብ ህዋስ ደም በበቂ ስለማይደርሰው ይሞታል። የበሽታ ተከላካይ ህዋሳት ሬሳውን ከበው ያጸዳሉ፤ ሲያጸዱ የሚለቋቸው ኬሚካሎች ግን በአካባቢው ያሉትን ህዋሳት ለእድገት ይቀሰቅሳሉ፤ ስቡ ውስጥ ያለውን አሮማቴዝም ያበረታሉ። ይህ የሚታመም ወይም ትኩሳት ያለው ብግነት አይደለም፤ ለዓመታት ሳይሰማዎት የሚኖር ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚሠራውና ፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ማስረጃውን መርምሮ ትርፍ ስብ 13 ዓይነት ካንሰሮችን እንደሚያበዛ ወስኗል። ከማህፀን ሌላ ከማረጥ በኋላ የሚመጣ የጡት፣ የእንቁላል ማምረቻ፣ የትልቁ አንጀት፣ የጉበት፣ የሀሞት ከረጢት፣ የቆሽት፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድ፣ የጨጓራ የላይኛው ክፍል፣ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው የምግብ ቧንቧ፣ የአንጎል ሽፋን ዕጢና መልቲፕል ማይሎማ የሚባለው የመቅኒ ካንሰር አሉበት። መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። ጉበት ላይ የተቀመጠ ስብ ወደ ጠባሳ፣ ጠባሳው ወደ ካንሰር ያመራል፤ የሀሞት ከረጢቱ በጠጠር ይቆስላል፤ የምግብ ቧንቧው ሆድ ሲገፋ ወደ ላይ በሚመለስ አሲድ ይቃጠላል።

ቁጥሩን በልኩ ይያዙት። የክብደትና የቁመት ምጣኔ ኪሎን በሜትር ቁመት ሁለቴ በማካፈል ይገኛል፤ የእርስዎ 88 ሲካፈል ለ1.60፣ እንደገና ለ1.60፣ 34.4 ይሆናል። ከ18.5 እስከ 25 ጤናማ፣ ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ምጣኔያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሴቶች በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከጤናማዎቹ 7 እጥፍ ገደማ ነው፤ በትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ልዩነቱ 1.3 እጥፍ ያህል ብቻ ነው። «7 እጥፍ» የሚያስፈራው መነሻው ሳይነገር ሲቀር ነው፤ ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በሕይወት ዘመናቸው በማህፀን ካንሰር የሚያዙት ከ100 ሴቶች 3 ያህል ናቸው። ብዙ ወፍራም ሴቶች ካንሰር አይነካቸውም፤ ቀጫጭን ሴቶችም ይታመማሉ። እህትዎንም «በሆድሽ ያመጣሽው ነው» የሚል ዘመድ ካለ አፉን ያስይዙልን።

ታዲያ የምናውቃቸው የካንሰር ሕመምተኞች ለምን ከሱ? ክሳቱ የበሽታው ውጤት እንጂ መነሻው ስላልሆነ ነው። ካንሰር ሲገፋ ሰውነት ጡንቻውን እንዲያፈርስ ያደርገዋል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። እኛ የምናየው ሰውየውን በመጨረሻ ዓመቱ ነው፤ ውፍረቱ ሥራውን የሠራው ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ነው። ደግሞም ውፍረት የማያመጣቸው ካንሰሮች አሉ። የሳንባው በዋናነት የሲጋራ ነው። በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ስኳመስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ነው፤ ከውፍረት ጋር አይያያዝም። ሳይፈልጉትና ሳይለፉበት በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደትዎ 5 በመቶ፣ በእርስዎ ወደ 4 ኪሎ ተኩል፣ ቢወርድ «ቀነስኩ» ብለው አይደሰቱ፤ ይመርመሩ።

የእህትዎን ነገር አጥብቀን እንናገራለን። ጭማቂውን አቁሙ፤ እህትዎ ይብሉ። «ካንሰር በስኳር ይኖራል» የሚለው አባባል መነሻ አለው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ዋርበርግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካንሰር ዕጢ ህዋሳት ስኳር በብዛት እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ግን ስኳር ባይበሉም ጉበት ከጡንቻ ፕሮቲን ስኳር ሠርቶ ደሙ ውስጥ ያስገባል፤ ዕጢውም ከስኳር ሌላ የሚጠቀምባቸው አሉት። የሚራበው ዕጢው ሳይሆን የእህትዎ ጡንቻ ነው። በዚያ ላይ፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ውስጥ 25 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ፕሮቲን ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስኳሩን ሰጥታችሁ የከለከላችሁት ፕሮቲኑን ነው።

በሕክምና ላይ ያለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 80 ኪሎ ቢሆኑ ቢያንስ 80 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ገደማ፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ይሰጣል። ጾም ከሆነና ልባቸው ከከበዳቸው የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው መፍቀድ በቤተክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ካልሆነም ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ለውዝ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ከፋፍሎ በመብላት መሙላት ይቻላል። ኬሞ ላይ እስካሉ ድረስ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት አይቅረባቸው፤ ነጭ የደም ህዋስ ሲወርድ ትንሽ ጀርም ትገድላለች። ትኩሳት 38 ከደረሰ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ከኬሞው በፊት የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የሚባል መድኃኒት የምግብ ፍላጎትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የስኳር ሕመም ካለባቸው በእነዚያ ቀናት ቶሎ ቶሎ ይለካ። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው ከክብደትና ከቁመት ስለሆነ በየዙሩ ይመዘኑ። «ወፍራም ስለሆነች ይቀነስላት» የሚል ሐሳብ ቢመጣ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ውፍረት ብቻውን መጠን ለመቀነስ ምክንያት አይደለም፤ ያነሰ መጠን ያነሰ ሕክምና ነው። የሚጠጡት ዕፀዋት ካለም፣ ሽፈራውም ይሁን ጥቁር አዝሙድ፣ ሐኪሙ ይወቀው። ክብደት የመቀነሱ ሥራ የሚጀመረው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ግን ቸል አይባልም፤ በጊዜ የተገኘ የማህፀን ካንሰር ያለፈላቸው ሴቶች በኋላ ይበልጥ የሚሞቱት በልብና በደም ቧንቧ በሽታ ነው።

ወደ እርስዎ ሚዛን እንመለስ። 60 ኪሎ ለመግባት አያስቡ። ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ4.4 እስከ 8.8 ኪሎ፣ በስድስት ወር መቀነስ በቂ ግብ ነው፤ ኢንሱሊንን ለማውረድ ይህ ብዙ ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆኑ ከ36 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ክብደታቸውን 5 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ29 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ግብዎ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይሁን። በረሃብ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ከወረዱ የሀሞት ጠጠር ሊያፈሩ ይችላሉ፤ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚመለሰው ስቡ ነው።

በሀበሻ ቤት መጀመሪያ የሚታየው እንጀራው ነው፤ እኛ ግን መጀመሪያ የምናየው ዘይቱን ነው። አንድ ሊትር ዘይት 8,200 ካሎሪ ያህል አለው። አራት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ከጨረሰ በነፍስ ወከፍ በቀን 340 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ይገባል። ጾም ሲገባ ክብደታቸው የሚጨምር ሰዎች የሚገርማቸው ለዚህ ነው፤ ሥጋው ቀርቶ ዘይቱ፣ ዳቦውና ሳምቡሳው ይጨምራል። ወጡን እንዲህ ይሥሩት፦ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈው ያለ ዘይት በዝግታ እሳት ላይ ያቁላሉ፤ መያዝ ሲጀምር ትንሽ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሱ። በደንብ ሲሟሽሽ በርበሬውንና አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨምሩ፤ በማንኪያ ይለኩት፤ ከጀሪካን ማንቆርቆር ይቅር። አራት ማንኪያ 480 ካሎሪ ነው፤ ለስምንት ሰው ሲካፈል 60። በሻይ ብርጭቆ 150 ሚሊ ሊትር ቢገለብጡ ኖሮ ለእያንዳንዱ 155 ይደርስ ነበር። ሽንኩርቱ ሳይበስል ከተቸኮለ ወጡ ይመርራል፤ ሰው ዘይት የሚያበዛውም ያን ለመሸፈን ነው።

ቀጥሎ የሚጠጣው። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር 48 ግራም ነው፤ ወደ 190 ካሎሪ። በየሁለት ሳምንቱ ከብርጭቆው ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። አልኮልም በራሱ የጡት፣ የጉበትና የአንጀት ካንሰር ስለሚያመጣ ጠጅም ይሁን አረቄ በቀነሰ ቁጥር ይሻላል። እንጀራውን አይጣሉት፤ የለመዱትን ሩብ ያህል ቀንሰው በቦታው ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ ይሙሉ።

እርምጃ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። በእርስዎ ክብደት ይህ በአንድ ጊዜ 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ከአንድ ማንኪያ ከሩብ ዘይት አይበልጥም። ስለዚህ መራመድ ብቻውን አያከሳም፤ ጡንቻ ኢንሱሊንን እንዲሰማ ግን ያደርጋል፤ እኛ የምንፈልገውም ያንን ነው። ጉልበት የሚያምዎት ከሆነ ዳገት ትተው ሜዳ ይምረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ከጠንካራ ወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ አርፈው ሦስት ዙር።

በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሳይበሉ፣ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ። ወገብዎን ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ በቆዳ ላይ፣ አየር አስወጥተው ይለኩ። የቁመትዎ ግማሽ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ወደዚያ ማምራቱ ይበቃል። በስድስተኛው ወር አካባቢ ሚዛኑ ይቆማል፤ ያነሰ ሰውነት ያነሰ ስለሚያቃጥል፣ ረሃብም ስለሚጨምር ነው እንጂ እርስዎ ሰንፈው አይደለም። ያኔ ዋናው ሥራ የወረደውን ማቆየት ነው። በቴሌግራም የሚሸጡ የማቅጠኛ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጡ ናቸው፤ የሚወርደው ውሃ ነው። ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ ግን በእርግጥ ይሠራል፤ በጥናት በ68 ሳምንት 15 በመቶ ያህል ክብደት ቀንሷል። ሆኖም በቤተሰብ ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ላለበት አይሰጥም፤ ያለ ሐኪምም ከሻንጣ ነጋዴ አይገዛም።

ልጅዎን በተመለከተ፣ በ26 ዓመት የማህፀን ካንሰር ብርቅ ነው፤ የሚዘል የወር አበባ ግን አይናቅም። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የለም፤ ሽፋኑ በእርስዎ ላይ የገለጽነውን ዕጣ በወጣትነቱ ይጀምራል። እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ ሦስት ወር ካለፋት፣ ወይም በዓመት ከስምንት ጊዜ ያነሰ የምታይ ከሆነ፣ የማህፀን ሐኪም ትይ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ፒሲኦኤስ የሚባለው፣ እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት ነው፤ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ይለያል፤ በፕሮጄስትሮን ወይም በጥምር የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ሽፋኑ ይጠበቃል። በቤተሰብ ከ50 ዓመት በታች የትልቁ አንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር የያዘው ሰው ካለ ግን ሊንች የሚባል፣ እነዚህን ካንሰሮች የሚያበዛ የዘር ችግር ሊኖር ስለሚችል፣ ሁለታችሁም ለሐኪሙ የእያንዳንዱን ታማሚ የበሽታ ዓይነትና ሲታመም የነበረበትን ዕድሜ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የእህትዎን የፓቶሎጂ ወረቀት ፎቶ ኮፒም አብራችሁ ያዙ።